ቢላውን ማን ያዘ? ስለ ምርጫ ክልል ካርታ ጅማ ላይ የተደረገ ንግግር

(ይህን ንግግር ያደረግኩት ጅማ ውስጥ በአንድ የወጣቶች የንባብ ክበብ ነው፣ ቅዳሜ ከሰዓት። ልጆቹ በስልክ ቀድተው ወደ ጽሑፍ ገለበጡት። እኔ ብዙ አልነካሁትም። የሳልኩበትንና ሻይ የጠየቅኩበትን ብቻ አውጥቻለሁ።)

ጤና ይስጥልኝ። አካም ጅርቱ። ሰላም ለእናንተ ይሁን።

አባቶች፣ እናቶች፣ ልጆቼ። የቀድሞ ተማሪዎቼንም አያለሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ከእኔ በላይ ሸብታችኋል። ከበሩ ላይ የቆማችሁ ግቡ እንጂ። እዚህ ፊት ለፊት በርጩማ አለ። ጅማ ላይ ሰው በርጩማ አጥቶ ቆመ ሲባል ያሳፍራል።

ሦስት ነገር እነግራችኋለሁ። አንደኛ፣ ነገሩ ምንድን ነው? ሁለተኛ፣ እንዴት ይሠራል? ሦስተኛ፣ እኛን ምን አገባን? ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬያለሁ። ሦስት ነጥብ ብዬ ጀምሬ ሦስቱን በሰዓቱ የጨረስኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ዛሬም ተስፋ አታድርጉ።

እጃችሁ ላይ ወረቀት አለ። አጠገቡ የቡና ፍሬ አለ። ገና አትንኩት። የተቆላውን እያነሳችሁ የምትቆረጥሙ ልጆች እያየኋችሁ ነው።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅ። ቅርጫ ገብቶ የማያውቅ አለ? እጁን ያውጣ። የለም። ጥሩ።

ቅርጫ እንዴት ነው? በሬው ይታረዳል። ኮባ ይነጠፋል። ብልት የሚያወጣው ሰው ቢላውን ይይዛል። ከሽንጡም፣ ከዳቢቱም፣ ከታናሹም፣ ከጉበቱም እያነሳ ለየመደቡ ያዳርሳል። እኛ ዙሪያውን ቆመን እናያለን። "ያቺኛዋ አነሰች" እንላለን። "አጥንት በዛባት" እንላለን። ይጨመራል፣ ይቀነሳል። ከዚያስ? ከዚያ ዕጣ ነው። አንዱ የቤቱን ቁልፍ ይሰጣል። አንዱ ስንጥር፣ አንዱ ቆርኪ ይሰጣል። የማን ዕቃ የቱ እንደሆነ ያላየ ልጅ ከመንገድ ይጠራና በየመደቡ ላይ ይጥላል። አለቀ። ማንም አይጣላም።

ለምንድን ነው የማንጣላው? ብልት የሚያወጣው ሰው ጻድቅ ስለሆነ ነው? አይደለም። እሱም ቤቱ ሽንጥ ይወዳል። የማንጣላው እሱ ራሱ የትኛው መደብ እንደሚደርሰው ስለማያውቅ ነው። ስለማያውቅ ያስተካክላል።

አሁን ይህ ሰው አንድ ቀን ቢላውን ወልወል አድርጎ እንዲህ ቢለንስ? "ጎረቤቶቼ፣ ዘንድሮ ዕጣ ይቅር። መደቡን እኔ እደለድላለሁ፣ ማን የቱን እንደሚወስድም እኔ እወስናለሁ።" ትስማማላችሁ? በሬው ሳይታረድ ትበታተናላችሁ!

ዛሬ የምነግራችሁ ይህንኑ ነው። ሥጋው ድምፅ ነው። መደቡ የምርጫ ክልል ነው። ቢላው እርሳስ ነው።

ወደ አንደኛው ነጥብ ልግባ።

መጀመሪያ አንድ ቃል እናጥራ። "የምርጫ ክልል" ስል ኦሮሚያ፣ አማራ፣ ሲዳማ የምንለውን ክልል ማለቴ አይደለም። ተሰልፋችሁ ካርድ የምትጥሉበትን ምርጫ ጣቢያም ማለቴ አይደለም። አንድ ምርጫ ክልል ማለት አንድ የሕዝብ ተወካይ የሚልክ አካባቢ ነው። በውስጡ ብዙ ጣቢያዎች አሉ። የሁሉም ድምፅ ይደመራል። ከዕጩዎቹ ብዙ ያገኘው ያልፋል። ሌሎቹ፣ በአንድ ድምፅም ቢቀደሙ፣ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ።

ይህን ያዙልኝ። አሸናፊው ሁሉን ይወስዳል። እንዲህ ባለ አገር ወሰኑ የት ላይ ተሰመረ የሚለው ጥያቄ ድምፁ ስንት ነው ከሚለው ጥያቄ ጋር እኩል ይሆናል። አንዳንዴም ይበልጠዋል።

ገዢ የሆነ ፓርቲ ወሰኑን ለራሱ እንዲያደላ አድርጎ ሲያሰምር ፈረንጆቹ ስም አውጥተውለታል። ጄሪማንደሪንግ ይሉታል። ስሙ ከየት መጣ? ታሪኩን እወደዋለሁ፣ ታገሱኝ። የውጭውን ስናገር ዓመቱ የፈረንጅ ነው። የእኛን ስናገር የእኛ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ማሳቹሴትስ የሚባል ግዛት አለ። በ1812 አስተዳዳሪው ኤልብሪጅ ጌሪ ይባል ነበር። እንዲያው ማንም ሰው አልነበረም። በ1776 የነፃነት መግለጫውን ከፈረሙት አንዱ ነው። ታዲያ የእሱ ፓርቲ ሰዎች ለግዛቱ የሴኔት ምርጫ ክልሎች አዲስ ካርታ ሠሩ። ተቀናቃኞቻቸው እንዳያሸንፉ አድርገው ነው የሠሩት። ጌሪ የካቲት ላይ ፈረመበት። አልወደደውም ነበር ይባላል። ይባላል እንጂ ፈርሟል።

ከክልሎቹ አንዱ ኤሴክስ በሚባል አውራጃ ውስጥ እየተጠማዘዘ የሚሄድ ነበር። በመጋቢት ወር ቦስተን ጋዜት የተባለ ጋዜጣ ካርታውን ወሰደና ክንፍ፣ ጥፍር፣ ጥርስ ቀጠለለት። አውሬ አደረገው። ሳላማንደር የሚባል እንሽላሊት መሳይ እንስሳ አለ። የእሱን ስም ከጌሪ ስም ጋር አጋቡት። ጌሪማንደር። ሰውየው ስሙን "ጌሪ" ብሎ ነበር የሚጠራው፤ ዘመን ሲያልፍ ስድቡ "ጄሪ" ሆነ። ምስኪን። የነፃነት መግለጫ ፈርሞ በእንሽላሊት ይታወሳል።

አሁን ልብ በሉ። እዚህ ላይ ነው ጨዋታው። በዚያው ዓመት ምርጫ ተደረገ። ለሴኔቱ የጌሪ ፓርቲ ያገኘው ድምፅ ከተቃዋሚው ያነሰ ነበር። ወንበሩስ? ከ40ው 29ኙን ወሰደ! አነሰ፣ ግን ወሰደ። ጌሪ ራሱ ግን ለአስተዳዳሪነት ተወዳድሮ ተሸነፈ። ለምን? የአስተዳዳሪው ምርጫ ጠቅላላ ግዛቱ ተደምሮ ነው። መሃል ላይ መስመር የለውም። ሕዝቡ ያው ሕዝብ ነው። ዓመቱ ያው ዓመት ነው። መስመር ያለበትን አሸነፉ፣ መስመር የሌለበትን ተሸነፉ። ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ፈልጌ አላገኘሁም።

ሁለተኛው ነጥብ። እንዴት ይሠራል?

አሁን ወረቀቱን አንሱ። አምስት በአምስት የሆነ፣ 25 ቤት ያለው ሠንጠረዥ ነው። በግራ በኩል ያሉትን ሁለት ዓምዶች በተቆላ ቡና ሙሉ። አሥር ፍሬ ነው። የቀሩትን ሦስት ዓምዶች በጥሬ ቡና ሙሉ። አሥራ አምስት ነው። ጥሬ ፓርቲና ቆሎ ፓርቲ እንበላቸው። ከየትኛውም ፓርቲ ጋር ንክኪ የላቸውም። አስራ አምስት ለአሥር። ብዙኃኑ ማነው? ጥሬ።

አምስት ወንበር አለ። እያንዳንዱ ምርጫ ክልል አምስት ፍሬ ይይዛል።

መጀመሪያ ከላይ ወደ ታች አስምሩ። እያንዳንዱ ዓምድ አንድ ክልል ይሁን። ማን ስንት አገኘ? ጥሬ ሦስት፣ ቆሎ ሁለት። እንደ ድምፁ ነው። ማንም ቅር አይለውም።

አሁን አጥፉትና ወደ ጎን አስምሩ። እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ክልል ይሁን። በየረድፉ ጥሬው ሦስት፣ ቆሎው ሁለት ነው። ውጤቱ? ጥሬ አምስት፣ ቆሎ ዜሮ! አሥር ሰው ድምፅ ሰጥቶ አንድ ወንበር የለም። መስመሩ ቀጥ ያለ ነው። ያምራል። እንሽላሊት አይመስልም። ግን ቆሎውን በየቦታው በትኖ ገደለው። ይህኛው ዘዴ መበተን ይባላል።

ሌላም አለ። አሁን እርሳሱን ለቆሎ ፓርቲ ስጡ። ሦስት ክልሎችን እያጣመመ ይሥራ፤ በየአንዳንዱ ሦስት ቆሎና ሁለት ጥሬ ይክተት። ዘጠኝ ቆሎ ሄደ። አንድ ቆሎ ቀረ። የተረፉትን ዘጠኝ ጥሬዎች ከዚያች ከአንዷ ቆሎ ጋር በሁለት ክልል ያጉራቸው። ቁጠሩ። ቆሎ ሦስት ወንበር! ጥሬ ሁለት! ከ25 ሰው አሥሩ አገር ገዛ። ጥሬዎቹ በሁለቱ ክልል በትልቅ ልዩነት አሸንፈው ይጨፍራሉ። ጭፈራቸው ግን ከንቱ ነው፤ ትርፉ ድምፅ የትም አይሄድም። ይህኛው ማጎር ነው።

መበተንና ማጎር። በዓለም ላይ ያለው ዘዴ ሁሉ የእነዚህ የሁለቱ ቅልቅል ነው። ኮምፒውተር ሲመጣ ፈጠነ እንጂ አልተለወጠም።

ቆይ፣ እዚያ ጥግ ያለኸው ልጅ፣ አልወጣልህም አይደል? ይወጣል። ከላይኛው ግራ ጥግ ጀምር፣ አትቸኩል። አያይዘው፤ ፍሬዎቹ መነካካት አለባቸው። አዎ፣ እንደሱ።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ።

በ1990ዎቹ ውስጥ ነው። የት እንደሆነ አልናገርም፤ ትምህርት ቤቱ ይቅር። የተማሪዎች ምክር ቤት ሊመረጥ ነው። አንድ ልጅ ነበር። ከገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማር፣ ምላሱ የተሳለ። "የከሰዓት ፈረቃ ለምን ውኃ አይደርሰውም?" ይላል። "መጽሐፉን የጠዋቶቹ ብቻ ለምን ይዘውት ይሄዳሉ?" ይላል። እውነቱን ነበር። የከሰዓት ፈረቃ ልጆች ይወዱታል። ከጠዋቱም ደጋፊ ነበረው።

አለቃዬ ጠራኝ። "አንተ ጂኦግራፊ አይደለህ? ክፍሎቹን በአምስት ቡድን መድብልን። እያንዳንዱ ቡድን አንድ ተወካይ ይምረጥ" አለኝ። ሌላ ምንም አላለኝም። ግን ፈገግ አለ። እኔም ገባኝ።

ምን አደረግኩ መሰላችሁ? የከሰዓት ክፍሎችን አንድ ላይ አጎርኩ። "አንድ ፈረቃ አንድ ቡድን፤ ለስብሰባ ይመቻል" አልኩ። ምክንያት አይታጣም። የጠዋቱን ፈረቃ በአራት ከፈልኩት። ከጠዋቱ የእሱን ደጋፊዎች የያዙ ክፍሎች ደግሞ በአራቱ ላይ ተበተኑ። ያኔ መበተንና ማጎር የሚባል ነገር መኖሩን አልሰማሁም ነበር። ማንም አላስተማረኝም። አንድ ማታ ኩራዝ አብርቼ ጨረስኩት።

የእሱ ወገን አንድ ወንበር አገኘ። አንድ። ያቺን አንድ ግን ጠቅልሎ ነው የወሰዳት።

በማግስቱ ልጁ መጣ። ደብተር ይዟል። በየክፍሉ የተሰጠውን ድምፅ ደምሮታል። "ቲቸር፣ ስደምረው እኛ እንበልጣለን። ወንበሩ ለምን አንድ ሆነ?" አለኝ። እኔ ምን አልኩት? "ሕጉ ነው" አልኩት። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ከብዙ ዓመት በኋላ አዌቱ ድልድይ ላይ አገኘሁት። ትልቅ ሰው ሆኗል፣ ልጅ ይዟል። ሰላም ተባባልን። ትንሽ ዝም አለና "ያንን ምድብ የሠሩት እርስዎ ነበሩ አይደል?" አለኝ። "አዎ" አልኩት። "ያኔም ጠርጥሬ ነበር። ጽሑፉ የእርስዎ ነበር" አለና ሳቀ። ማኪያቶ ጋበዘኝ። ያቺ ማኪያቶ እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ አለች።

ይህን ለምን ነገርኳችሁ? መስመር የሚያጣምም ሰው ቀንድ የለውም። እኔን ይመስላል። የደመወዝ ፊርማ ላይ ስሙ አለ። ምክንያቱም ሁልጊዜ ደህና ምክንያት ነው።

ወደ ፈረንጆቹ ልመለስ። ነገሩ ሁልጊዜ እንደ እኔ የደብተር ሥራ ቀላል አይደለምና።

አላባማ ውስጥ ተስኪጊ የምትባል ከተማ አለች። የጥቁሮች ታዋቂ ኮሌጅ ያለባት ናት። በ1950ዎቹ ጥቁሮች ከተማዋ ውስጥ ለመራጭነት መመዝገብ እየበዙ መጡ። በ1957 የግዛቱ ምክር ቤት የከተማዋን ወሰን ቀየረ። ከተማዋ አራት ማዕዘን ነበረች። 28 ጎን ያላት ሆነች። ወደ 400 ከሚሆኑ ጥቁር መራጮች አራት ወይም አምስት ብቻ ሲቀሩ ሌሎቹ ከከተማው ወጡ። ቤታቸው አልተነቀለም። ያሉበት ናቸው። መስመሩ ነው በላያቸው ላይ ያለፈው። ከነጮቹ አንድም ሰው አልወጣም። ቻርልስ ጎሚሊየን የተባለ የኮሌጁ መምህር ከሌሎች ጋር ሆኖ ከሰሰ። በ1960 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያለ ልዩነት ፈረደለት። መምህር ነበር አልኳችሁ። እኔ ኩራዝ አብርቼ መስመር አጣምማለሁ፤ እሱ የተጣመመውን ያቀናል።

ዘርን ለይቶ መስመር ማስመርን ፍርድ ቤቱ እንዲህ ያዘው። ፓርቲን ለይቶ ማስመርንስ? እዚያ ላይ ነገሩ ተበላሸ።

በ2016 ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ለአገሪቱ ምክር ቤት የሚሆን ካርታ ሲሠራ፣ ከሪፐብሊካን መሪዎቹ አንዱ የነበረው ዴቪድ ሉዊስ በስብሰባ ላይ በግልጽ ተናገረ። ካርታው አሥር ለእኛ ሦስት ለዲሞክራቶች እንዲሰጥ ሆኖ ይሠራ፣ አሥራ አንድ ለሁለት ማድረግ የሚቻል ስለማይመስለኝ ነው አለ። አላፈረም! በዚያ ዓመት ውጤቱ ስንት ሆነ? አሥር ለሦስት። ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ ዲሞክራቶቹ ናቸው ቢላውን የያዙት። ከስምንት ወንበር ስድስት ነበራቸው፤ አንድ ክልል አጣመው ሰባት አደረጉት። ሁለቱም ጉዳይ አብረው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሱ። በ2019 ፍርድ ቤቱ አምስት ለአራት ወሰነ። ነገሩ ፍትሐዊ ነው አላለም። የፌዴራል ፍርድ ቤት የሚዳኘው ጉዳይ አይደለም አለ። እንግዲህ ዳኛው "አያገባኝም" ካለ፣ ቢላ የያዘው ምን ይላል?

በ2025 ቴክሳስ ቀጣዩን የአሥር ዓመት የሕዝብ ቆጠራ ሳትጠብቅ ካርታዋን አውጥታ ለሪፐብሊካኖች አምስት ወንበር እንዲጨምር አድርጋ ሠራችው። ካሊፎርኒያ ዝም አላለችም። በኅዳር ወር ሕዝብ አስወስና ለዲሞክራቶች አምስት ወንበር ሊጨምር የሚችል ካርታ አጸደቀች። አንተ ብልቱን ከደበቅክ እኔም ሻኛውን እደብቃለሁ ማለት ነው። በሬው አንድ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ። ሰዓቱን አየሁት፣ አውቃለሁ። እኛን ምን አገባን?

እኔ የአሜሪካን ካርታ ላቃና አልመጣሁም። የእኛን ሕግ ግን አንብቡ። ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 54 አለው። ከአንድ ምርጫ ክልል ከሚወዳደሩት አብላጫ ድምፅ ያገኘው ይመረጣል ይላል። የተወካዮች ምክር ቤት ወንበር ከ550 አይበልጥም፣ ከዚያ ውስጥ ቢያንስ 20 ለአናሳ ብሔረሰቦች ነው ይላል። እኛ ያለን 547 ነው። እንግዲህ ከቡና ፍሬው ጋር አንድ ነን። አሸናፊው ሁሉን ይወስዳል።

ወሰኑን ማን ያሰምራል? አንቀጽ 103 ላይ ሂዱ። የሕዝብ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ይደረጋል። በቆጠራው ውጤት ላይ ተመሥርቶ፣ ምርጫ ቦርድ ሐሳብ ያቀርባል፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ይወስናል። ደህና ሐሳብ ነው። መጀመሪያ ሰው ይቆጠራል፣ ከዚያ መስመር ይሰመራል።

ለመጨረሻ ጊዜ የተቆጠርነው መቼ ነው? ማን ያስታውሳል? ... አዎ። 1999። ከዚያ በፊት 1987 ነው። ከዚያም በፊት በደርግ ጊዜ 1976። የሚቀጥለው በ2010 ይሆናል ተባለ። ተራዘመ። እንደገና ተራዘመ። በ1999 የተወለደ ልጅ ዛሬ መራጭ ነው፤ ወሰኑ ግን ሳይወለድ እንደነበረው ነው።

በ1999 ቆጠራ ጅማ ከተማ ከ120 ሺህ ጥቂት የሚበልጥ ሰው ነበራት። ዛሬስ? እስቲ ሕርማታ ገበያን ሐሙስ ቀን እዩት። ወደ ጅሬን መውጫ ያለውን አዲሱን ቤት ሁሉ እዩት። ሁላችሁም ትገምታላችሁ። የቆጠረ ግን የለም።

ማንም ሆን ብሎ አጣሞታል እያልኩ አይደለም። በደንብ ስሙኝ። እያልኩ ያለሁት መስመር ሳይነካም ይጣመማል ነው። መስመሩ ይቆማል፣ ሰው ይሄዳል።

እንግሊዞች ይህን ያውቁታል። ኦልድ ሳረም የሚባል ኮረብታ ነበራቸው። ድሮ ከተማ ነበር። ሰው ለቆት ወጣ። ፍርስራሽና ሣር ቀረ። ኮረብታው ግን ፓርላማ ውስጥ ሁለት ወንበር ነበረው! ሁለት ተወካይ! በፋብሪካ የተጨናነቀችው ማንቸስተር ግን የራሷ ተወካይ አልነበራትም። ይህ እስከ 1832 ቀጠለ። በ1832 ሕግ አሻሻሉና ኮረብታው ወንበሩን አጣ። ማንም ኦልድ ሳረምን አላጣመመም። ረሱት እንጂ። ደግሞ የተረሳው ነገር የሚጠቅመው ሰው አይታጣም። የኮረብታው ባለመሬት ወንበሩን የግል ንብረቱ አድርጎት ነበር።

ተማሪዎቼን ጅሬን ወስጄ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አጠገብ አቆማቸው ነበር። "ከዚህ ሆናችሁ የከተማውን ካርታ ሣሉ" እላቸዋለሁ። አዌቱን ይሥላሉ። መንገዱን ይሥላሉ። መስጊዱን፣ ቤተ ክርስቲያኑን ይሥላሉ። የቀበሌ ወሰን የሣለ አንድ ልጅ አልገጠመኝም። አይታይማ! ወንዙን እግዜር አሰመረው። የቀበሌውን ሰው አሰመረው። ሰው ያሰመረውን ሰው ሊጠይቅበት ይችላል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ይህን ቶሎ ልበለው። ቡናው ደርሷል፣ ሽታው እየረበሸኝ ነው።

አንዳንዱ አገር መስመሩን ጭራሽ ጥቅም ያሳጣዋል። ደቡብ አፍሪካ 400 ወንበሯን ፓርቲዎች እንዳገኙት ድምፅ መጠን ታካፍላለች። አንድ አምስተኛ ድምፅ ካለህ አንድ አምስተኛ ወንበር አለህ። ማጣመም ምን ይጠቅምሃል? ጉዳቱ፣ "የእኔ አካባቢ ተወካይ ማነው?" ስትል የምትጠራው አንድ ስም ይጠፋል። ኬንያ ደግሞ እንደ እኛ በክልል ትመርጣለች። 290 ክልል አላት። የ2010 ሕገ መንግሥቷ ግን ወሰኑ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ይከለስ፣ የክልሎቹ ሕዝብ ብዛት ከአማካዩ ሊርቅ የሚችለው እስከዚህ ነው ብሎ ገደብ አስቀምጧል። ለከተማና ሰው ለሳሳበት ቦታ 40 በመቶ፣ ለሌላው 30 በመቶ። ይህ ልቅ ነው ትላላችሁ። እኔም ልቅ ነው እላለሁ። ግን ቁጥር አለው፤ ሄዳችሁ ልትከራከሩበት ትችላላችሁ።

የምወደው ግን የሚሺጋን ነው። ኬቲ ፌሂ የምትባል በሃያዎቹ ዕድሜ ያለች ወጣት በ2016 ፌስቡክ ላይ ጻፈች። "ይህን ነገር ማስተካከል እፈልጋለሁ፣ የሚያግዘኝ አለ?" የሚል ነው ሐሳቡ። ፖለቲከኛ አይደለችም። ሰው ተሰበሰበ። ፊርማ አሰባሰቡ። በ2018 ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ አጸደቀው። አሁን ካርታውን የሚሠሩት 13 ተራ ዜጎች ናቸው። አራት ከአንዱ ፓርቲ፣ አራት ከሌላው፣ አምስት ከየትም ያልሆኑ። እንዴት ነው የሚመረጡት? ካመለከቱት መካከል በዕጣ! በዕጣ! ቅርጫ አልኳችሁ እኮ! ሚሺጋኖች የእኛን ቁልፍና ቆርኪ አገኙት።

ካሊፎርኒያም ከ14ቱ የመጀመሪያዎቹን ስምንት በዕጣ ነው የምታወጣው። በ2025 ግን ያንን ለጊዜው ትታ ነው ወደ ቢላው የተመለሰችው። ስለዚህ ዕጣም ቢሆን የሚጠብቀው ሰው ይፈልጋል።

አንዲት እህት እጇን አውጥታለች። ቀጥይ እህቴ። ... ጥያቄዋን ሰማችሁ? "ጠማማ ቅርጽ ካየን ተጭበርብሯል ማለት ነው ወይ?" ብላለች። አይደለም! ጥሩ ጠየቅሽ፣ ልረሳው ነበር። ቺካጎ ውስጥ የጆሮ ማሞቂያ የሚመስል ክልል ነበር። ሁለት ጉብታ፣ መሃላቸው በአውራ ጎዳና ላይ የተዘረጋ ቀጭን ክር። አስቀያሚ ነው። የተሠራው ግን ተነጣጥለው የሚኖሩ ሁለት የላቲኖ፣ ማለት ዘራቸው ከላቲን አሜሪካ የሆነ ሰዎች፣ ሰፈሮች አብረው አንድ ተወካይ እንዲልኩ ነው። ቀደም ሲል ወደ ጎን ያሰመራችሁትን ደግሞ አስታውሱ። መስመሩ እንደ ክር ቀጥ ያለ ነበር፣ ቆሎውን ግን ዜሮ አወጣው። ቅርጹን አይተሽ አትፍረጂ። ማን እንዳሰመረው፣ ሲያሰምር ምን ያውቅ እንደነበረ ጠይቂ። አዮዋ በሚባለው ግዛት ካርታ የሚሠሩት የምክር ቤቱ ባለሙያዎች ናቸው፣ ፓርቲ የላቸውም። ሕጉ የመራጩን የፓርቲ ውጤት እንዳያዩ ይከለክላቸዋል። ተወካዮቹ የት እንደሚኖሩም አያዩም። ዓይናቸው ተሸፍኖ ነው ብልት የሚያወጡት።

እሺ። አሁን ወረቀቱን ገልብጡት። ጀርባውም ላይ ያው 25 ቤት አለ። ፍሬ አታስቀምጡበት! አምስት ክልል አስምሩበት። ደስ እንዳላችሁ፣ ግን ቤቶቹ ይነካኩ። ጥሬው የት እንደሚያርፍ፣ ቆሎው የት እንደሚያርፍ አላውቅም፣ እናንተም አታውቁም። ስትጨርሱ ያ በር ላይ የሚጫወተው ማሙሽ ይመጣል። ዓይኑን ሸፍነን ፍሬዎቹን እሱ ይደረድርልናል። ከዚያ እንቆጥራለን።

ቡናውን እያዳረሳችሁ ነው? ጎሽ። ለአባቶች በመጀመሪያ። እርሳስ ያልደረሰው ማነው? እጅ ላይ።